የአየርላንድ ባህልና ኪነ ጥበብ በሊቨርፑል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በሊቨርፑል ለሚኖሩ፣ እንዲሁም ከማንቸስተር፣ ከሊድስ ወይም ከበርሚንግሃም ብቅ ለሚሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። የተለየ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአየርላንድ ባህል በእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሊቨርፑልን ከአየርላንድ የሚለያት ባሕሩ ብቻ ነው። በ1845 የድንች በሽታ የአየርላንድን ማሳ መታ፤ ድንች ደግሞ የድሃው ገበሬ የዕለት እንጀራ ነበር። እስከ 1852 ድረስ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብ ተሰደደ። ከስደተኛው እጅግ ብዙው የወረደው እዚህ ወደብ ላይ ነው። በ1847 ብቻ ወደ 300,000 ሰው ደረሰ። ገንዘብ የነበረው ወደ አሜሪካ ቀጠለ። የመሳፈሪያ ያጣው፣ የታመመው፣ ወደቡ ላይ ሥራ ያገኘው ግን እዚሁ ቀረ። በ1851ዱ ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ ከአምስት አንዱ በላይ አየርላንድ የተወለደ ነበር።

የቀሩት ሰዎች ከተማዋን ለወጧት። ከአየርላንዷ ደሪ በልጅነቷ የመጣችው ኪቲ ዊልኪንሰን በ1832ቱ የኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ የቤቷን የውኃ ማፍያ ለጎረቤቶቿ ከፍታ ልብሳቸውንና አንሶላቸውን እንዲያጥቡ አደረገች፤ ከዚያ ተነሥቶ በ1842 በፍሬድሪክ ጎዳና የሕዝብ ማጠቢያ ቤት ተከፈተ። ሐውልቷ በሴንት ጆርጅስ ሆል ውስጥ ቆሟል። በፖለቲካውም በስኮትላንድ ሮድ ዙሪያ ያለው የምርጫ ክልል ከ1885 እስከ 1929 የአየርላንድ ብሔርተኛ የሆነውን ቲ. ፒ. ኦኮነርን ፓርላማ ሲልክ ኖሯል፤ በእንግሊዝ ምድር ይህን ያደረገ ሌላ ክልል የለም። በሙዚቃው ደግሞ የሊቨርፑል ኬይሊ (የጋራ ጭፈራ) ባንድ በ1963 እና በ1964 በተከታታይ የመላው አየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የባሕር ማዶ ልጆች የአገር ቤቱን ባንድ ሁሉ አሸነፉ ማለት ነው። የአየርላንድ ዜማ ለሊቨርፑል እንግዳ ሳይሆን የቤት ልጅ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ዋናው ፌስቲቫል መቼ ነው? ከእሱ ውጪስ ምን አለ?

የሊቨርፑል አይሪሽ ፌስቲቫል በ2003 ተጀመረ። በየዓመቱ በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ፣ ለዐሥር ቀን ያህል ይካሄዳል። ኮንሰርት፣ ቴአትር፣ ፊልም፣ የሥነ ጽሑፍ ውይይት፣ የእግር ጉዞና የቤተሰብ ቀን ይኖረዋል። ዝግጅቶቹ በአንድ አዳራሽ አይሰበሰቡም፤ በከተማው ሁሉ ይበተናሉ። በአንድ ቀን ሦስት ዝግጅት ለማየት የሚያስብ ሰው ቦታዎቹን አስቀድሞ ካርታ ላይ ያስቀምጣቸው።

ከፌስቲቫሉ ውጪ ሌላው ትልቅ ቀን የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ነው፤ ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8። እውነቱን ለመናገር፣ የጎዳና ሰልፍ ማየት የሚፈልግ ሰው በዚያ ሰሞን ወደ በርሚንግሃም ወይም ወደ ማንቸስተር ቢሄድ ይሻለዋል፤ የእነሱ ሰልፍ ይበልጣል። የሊቨርፑል ጥንካሬ በኦክቶበር ነው። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ በባውንደሪ ሌን የሚገኘው የሊቨርፑል አይሪሽ ሴንተር አለ። በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ በ1988 የተቋቋመው የአየርላንድ ጥናት ተቋምም ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ንግግሮች ያዘጋጃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ያረጁ ማውጫዎች የአይሪሽ ሴንተርን አድራሻ ማውንት ፕሌዘንት ጎዳና ያደርጉታል። እዚያ ያለው ባለ ዓምዱ አሮጌ ሕንፃ ዌሊንግተን ሩምስ ነው፤ ማኅበሩ ከ1965 እስከ 1997 ነበር የተጠቀመበት። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው ዝግጅቱን አያገኘውም።

ፖስተሩ ላይ ያለውን ሰዓት እንዴት ልረዳው?

ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። 7:30 ፒኤም የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1:30 ነው። አንዳንድ ፖስተር ላይ "ዶርስ" ተብሎ የሚጻፈው በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ነው፤ ሙዚቃው የሚጀምረው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቆይቶ ነው። ለቴአትር ግን የተጻፈው ሰዓት መጀመሪያው ነው፤ የዘገየ ሰው እስከ ዕረፍቱ ውጭ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይረቅቃል። በብሪታንያ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ ሌሊት፣ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ብዙ ጊዜ ከፌስቲቫሉ ቀናት ጋር ይጋጠማል። ስልክዎ ራሱን ያስተካክላል፤ የእጅና የግድግዳ ሰዓት ግን አያስተካክልም። ከዚያ እሑድ በኋላ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ የከሰዓት የእግር ጉዞ ካለ ወፍራም ልብስ ይያዙ።

ቲኬት እንዴት ይገኛል? ነፃ ዝግጅት አለ?

አለ፣ ብዙ አለ። ነገር ግን ነፃ ማለት ዝም ብሎ መግባት ማለት አይደለም። አብዛኛው ነፃ ዝግጅት በድረ ገጽ ስም ማስመዝገብ ይጠይቃል፤ የእግር ጉዞዎች ቦታቸው ውስን ስለሆነ ቶሎ ይሞላሉ። ተመዝግበው መምጣት ካልቻሉ በደረሰዎት የምዝገባ ኢሜይል ይሰርዙ። የተመዘገቡ ሰዎች ሲቀሩ አዘጋጁ ባዶ ወንበር ይታቀፋል፤ ውጭ የተመለሰው ሰው ደግሞ "ሞልቷል" ተብሎ ነው የሄደው።

በሚከፈልባቸው ዝግጅቶች ላይ "ኮንሴሽን" የሚል የቅናሽ ዋጋ ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ለተማሪ፣ ለሥራ አጥ፣ ለጡረተኛና ለአካል ጉዳተኛ ይሰጣል፤ አንዳንድ ቦታ ለጥገኝነት ጠያቂም አለ። ካልተጻፈ ይጠይቁ፤ መጠየቅ እዚህ አገር ነውር አይደለም። ደጋፊ ሳይዝ መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ብዙ አዳራሾች ለደጋፊው ነፃ ቲኬት ይሰጣሉ፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ በስልክ እንጂ በድረ ገጽ አይያዝም።

ከሌላ ከተማ መጥተው ለሚያድሩ፦ ሆቴል ከመያዝዎ በፊት የእግር ኳስ መርሐ ግብሩን ይመልከቱ። ሊቨርፑል ወይም ኤቨርተን በሜዳው በሚጫወትበት ቅዳሜ አልጋ ይወደዳል።

ፐብ ውስጥ የሚደረገው "ሴሽን" ምንድን ነው? ኮንሰርት ነው?

ኮንሰርት አይደለም፤ መድረክም የለውም። ሙዚቀኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለራሳቸው ይጫወታሉ፤ ሌላው ሰው በዙሪያቸው ይሰማል። ጀርባቸውን ለእርስዎ ቢሰጡ ንቀት እንዳይመስልዎ፤ እርስ በርስ መተያየት ስላለባቸው ነው።

የሚሰሙት ነገር ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። አንድ የጭፈራ ዜማ በተለምዶ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 8 ባር (የምት ክፍል) ሆኖ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ድምሩ 32 ባር። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ተዙሮ ሳይቋረጥ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራል። ሁለት ወይም ሦስት ዜማ ተያይዞ "ሴት" ይባላል፣ በእንግሊዝኛ ስብስብ ማለት ነው። ሪል በአራት ምት ይሮጣል፤ ጂግ በስድስት ይንከባለላል፣ የእኛን የ6/8 ምት ለለመደ ጆሮ ቅርብ ነው፤ ስሊፕ ጂግ ዘጠኝ አለው። ዜማው መቼ እንደሚቀየር ለማወቅ መሪውን ይመልከቱ፦ ቀና ብሎ ዐይን ይጠቅሳል ወይም "ሃፕ" ይላል።

አድማጭ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ወንበር ባዶም ቢሆን የሙዚቀኛ ነው። ተያይዞ የመጣው ዜማ ሁሉ ሲያልቅ ያጨብጭቡ፤ በመሐል ከምቱ ጋር ማጨብጨብ ግን ተጫዋቾቹን ያደናግራል፣ ምክንያቱም ሰው ሲበዛ ጭብጨባው እየዘገየ ምቱን ወደ ኋላ ይጎትታል። እንደ አዝማሪ ቤት ገንዘብ ግንባር ላይ መለጠፍ የለም። ማመስገን ከፈለጉ ምን እንደሚጠጡ ጠይቀው ይግዙላቸው፤ ለስላሳም ይሆናል። ዝነኛ ዘፈን ይጫወቱልን ብሎ ማዘዝም አይወደድም። ቪዲዮ ከመቅረጽዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያስታውሱ፦ አንድ ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ብቻውን መዝፈን ሲጀምር ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል። "ሻን ኖስ" ይባላል፣ የጥንቱ ወግ ማለት ነው። አጃቢ የለውም፤ ዘፋኙ ዐይኑን ጨፍኖ ዜማውን እየሰበረና እያስጌጠ ይዘልቃል። በዚያ ሰዓት ቡና ቤቱ ላይ መጠጥ ማዘዝ እንኳ ይቆማል። አንዳንዴ ጎኑ የተቀመጠ ሰው የዘፋኙን እጅ ይዞ ከምቱ ጋር በቀስታ ያወዛውዛል። የሴሽን ማማሩ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ለዚህ ሲባል ሦስት ሰዓት ቢጠብቁ አይቆጭዎትም።

የሴሽን ቀን እንደ ፐቡ ባለቤት ይለዋወጣል። ባለፈው ዓመት ማክሰኞ የነበረው ዘንድሮ ላይኖር ይችላልና በዚያው ሳምንት ደውለው ያረጋግጡ።

መሣሪያ እጫወታለሁ። ክራር ወይም ማሲንቆ ይዤ መግባት እችላለሁ?

ቀድመው መጥተው ሴሽኑን የሚመራውን ሰው ካነጋገሩ አዎ። መጀመሪያ ግን አንድ ምሽት ሙሉ ሰምተው ይሂዱ።

አብዛኛው ዜማ በዲ እና በጂ ቅኝት ነው፤ የቆርቆሮ ዋሽንቱ (ቲን ዊስል) በዲ የተቃኘ ስለሆነ ሌላው ይከተለዋል። ክራርን በዲ ላይ በትዝታ ሜጀር ከቃኙት አምስቱ ድምፆች በዲ ሜጀር ውስጥ ይገባሉ፤ የጎደሉት ሁለቱ ግን በዜማው ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ። ስለዚህ ክራር ዜማውን ሙሉ ለመጫወት አይመችም፤ ምቱን ለማጀብ ግን ያምራል። ማሲንቆ ጣት ያረፈበት ሁሉ ድምፅ ስለሆነ ዜማውን ሙሉ መከተል ይችላል። ሁሉም የሚቃኙት ኤ 440 ላይ ነው፤ በስልክ መቃኛ ያስተካክሉ። የማያውቁትን ዜማ በመላ አይጫወቱ። በልብዎ ይያዙት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይለማመዱት። በተራዎ የእኛን ዜማ ብቻዎን ቢጫወቱ ደግሞ ጆሮ ሰጥተው ይሰሙዎታል።

ከበሮ መቺዎች ልብ ይበሉ። የአየርላንዱ ባውራን በፍየል ቆዳ የተወጠረ፣ በአጭር እንጨት የሚመታ የእጅ ከበሮ ነው። በአንድ ሴሽን አንድ ባውራን ይበቃል፤ ሁለት ሲሆኑ ምቱ ይተራመሳል። ቆዳው እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ማሞቂያ አጠገብ ሲቀመጥ ይወጠርና ይሰነጠቃል። ከዝናብ ገብተው ከበሮውን በቀጥታ ማሞቂያው ላይ ማስደገፍ ብዙ ከበሮ ገድሏል።

ኬይሊ ላይ መጨፈር ይጠበቅብኛል? ምንም አላውቅም።

ኬይሊ ማለት የጋራ ጭፈራ ምሽት ነው። የሚመጣው ሰው አብዛኛው አያውቅም፤ ለዚህም "ኮለር" የሚባል ሰው ማይክ ይዞ እያንዳንዱን ጭፈራ አስቀድሞ ያለ ሙዚቃ ያስረምዳል፣ ከዚያም ሙዚቃው ሲጀምር እየጮኸ ያስታውሳል።

ሁለት ርምጃ ከያዙ ምሽቱን ይወጡታል፦ "ሰባት" እና "ሦስት"። ሰባት ማለት በእግር ጣት ጫፍ ቆሞ ወደ ጎን ሰባት ፈጣን ርምጃ ነው። ሦስት ማለት በቦታ ላይ አንድ-ሁለት-ሦስት ነው፤ ሁለት ጊዜ ይደረጋል። እስክስታ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚከብደው ትከሻውን ዝም ማሰኘት ነው፤ እዚህ ሥራው ሁሉ የእግር ነው።

ለጀማሪ የሚመረጠው "የሊምሪክ ግንብ" የሚባለው ነው። ሁለት ጥንዶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። በ8 ባር ሁለት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳሉ። በሚቀጥለው 8 መጀመሪያ ሴቶቹ ቀጥሎ ወንዶቹ ቦታ ይቀያየራሉ። በሦስተኛው 8 ከፊትዎ ካለው ሰው ጋር እጅ ይዘው ወደ ጎን በሰባት ሄደው ይመለሳሉ። በመጨረሻው 8 ከራስዎ ጥንድ ጋር ይሽከረከሩና ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አዲስ ጥንድ ፊት ትቆማላችሁ። እንዲህ እየተባለ አዳራሹን ሙሉ ያዳርሳሉ። ብቻውን የመጣ ሰው በአንድ ጭፈራ ከሃያ ሰው ጋር ይጨባበጣል፤ ለአዲስ መጤ ከዚህ የተሻለ መተዋወቂያ አናውቅም። ጥንድ ለመሆን ወንድና ሴት መሆን ግድ አይደለም፤ ኮለሩ የሚያየው የቆሙበትን ጎን ነው።

የሚበላሸው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው። የላስቲክ ሶል ያለው ስኒከር ወለሉን ይነክሳል፤ እግር ቀርቶ ጉልበት ብቻ ሲዞር ይጎዳል። ለስላሳ የቆዳ ሶል ያለው ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ደግሞ የጎረቤትን ጣት ይወጋል። ሲሽከረከሩ ማዞር የሚመጣው ወለሉን ወይም ግድግዳውን በማየት ነው፤ አብሮዎት የሚሽከረከረውን ሰው ፊት ይመልከቱ። ከተሳሳቱ ወደ ኋላ ተመልሰው ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ሙዚቃው አይጠብቅም። ዝም ብለው ቀጣዩ ሰው የሚመጣበት ቦታ ላይ ይቁሙ፣ እነሱ ይወስዱዎታል። ውኃ እና ቅያሪ ካናቴራ ይያዙ፤ አዳራሹ በሁለተኛው ጭፈራ እንደ እንፋሎት ቤት ይሆናል።

አልኮል አልጠጣም። ልጆችም አሉኝ። ፐብ መሄድ ይከብደኛል።

ፐብ ገብቶ ሻይ፣ ቡና ወይም ለስላሳ ማዘዝ ማንንም አያስደንቅም። መጠጥ ያለበት ቤት ጨርሶ መግባት የማይፈልግ ሰው ደግሞ በቤተ መጻሕፍት፣ በሙዚየምና በዩኒቨርሲቲ የሚደረጉትን ይምረጥ፤ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ጋር ፐብ መግባት ይችል እንደሆነ የሚወስነው የቤቱ ፈቃድ ነው፤ ብዙዎቹ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት በኋላ ልጆችን ያስወጣሉ። ለልጆች የሚሻለው የቤተሰብ ቀንና የከሰዓት ኬይሊ ነው።

የጾም ምግብ አገኛለሁ?

የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። የኦክቶበሩ ፌስቲቫል ግን የጽጌን ጾም ከሚጾሙት በስተቀር ረቡዕና ዓርብን ብቻ ማሰብ ነው።

በአየርላንድ ማዕድ የጾም ይመስላሉ ግን አይደሉም የሚባሉ ነገሮች አሉ። ሶዳ ዳቦ እርሾ የለውም፤ የሚነፋው ሶዳ ባይካርቦኔት ከአሬራ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ስለዚህ የወተት ተዋጽኦ አለበት። ኮልካነን የሚባለው የድንችና የጎመን ድቁስ በቅቤና በወተት የታሸ ነው። የድንች ጥብስ እንኳ በሰሜን እንግሊዝ አንዳንድ ቤት በበሬ ሞራ ይጠበሳል፤ "በምን ጠበሳችሁት?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። "ቪጋን" የሚል ምልክት ያለው ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለውም። "ቬጀቴሪያን" የሚለው ግን ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ሐላል ሥጋ የሚፈልግ ሰውም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የበግ ወጡ ብዙ ጊዜ ሐላል አይሆንም።

የአይሪሽ ቋንቋ ቃላት ፖስተሩ ላይ አሉ። እንዴት ይነበባሉ?

በላቲን ፊደል የተጻፈውን እንደ እንግሊዝኛ ካነበቡት ማንም አይረዳዎትም፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ይቀላል። ኤም እና ኤች ጎን ለጎን ሲሆኑ አፋቸውን ፈታ አድርገው ው ወይም ቭ ይሆናሉ። በኦክቶበር መጨረሻ የሚከበረው የክረምት መግቢያ በዓል ሲጻፍ ሳምሃይን ይመስላል፣ ሲነበብ ግን ሳውን ነው። ፌሽ የጭፈራ ውድድር ነው፤ ፍላ የሙዚቃ ውድድርና ፌስቲቫል ነው። ኢለን ፓይፕስ በአፍ ሳይነፋ በክንድ ሥር ባለ ወናፍ አየር የሚሞላ ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የነፋስ መሣሪያ) ነው።

ሰላምታቸው ለእኛ ጆሮ ቅርብ ነው። አንዱ "ዲያ ግዊት" ይላል፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን ማለት ነው። ሌላው "ዲያ ስ ሙረ ግዊት" ብሎ ይመልሳል፣ እግዚአብሔርና ማርያም ከአንተ ጋር ይሁኑ። ይህን ለአንድ አይሪሽ ሽማግሌ ቢሉ ፊታቸው ሲበራ ያያሉ። ምስጋና "ጎ ረቭ ማሃ ጉት" ነው።

የረሃቡን መታሰቢያ ቦታዎች በራሴ ማየት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከላይም ስትሪት ባቡር ጣቢያ በሬንሾ ጎዳና 10 ደቂቃ ያህል ሲሄዱ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ያገኛሉ፤ ሴንት ሉክስ ነው። በሜይ 1941 በጀርመን የአየር ድብደባ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀረ፤ እንደዚያው ተጠብቆ ዛሬ ዝግጅት ይደረግበታል። ጣሪያ ስለሌለው ዝግጅቱ ላይ ዝናብ አብሮዎት ይቀመጣል፤ የዝናብ ልብስ ይያዙ፣ ጃንጥላ ግን የኋለኛውን ሰው ይጋርዳል። በግቢው ውስጥ በ1998 የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማካሊስ የመረቁት የረሃቡ መታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል።

ከዚያ ወደ ወንዙ ይውረዱ፤ ከፒየር ሄድ ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል በወደቡ ዳር ሲሄዱ የክላረንስ ዶክ (የመርከብ ማቆሚያ) በር አለ። ዶኩ በ1830 የተከፈተው ለእንፋሎት መርከቦች ነበር፤ ከጭስ ማውጫቸው የሚወጣው ፍንጣሪ በእንጨት የተሠሩትን መርከቦች እንዳያቃጥል ለብቻቸው ተደረጉ። የደብሊን እንፋሎት መርከቦች የሚራገፉት እዚህ ስለነበር፣ ከ1845 እስከ 1852 ከመጣው 1.3 ሚሊዮን ስደተኛ አብዛኛው በዚህ በር እንዳለፈ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይናገራል። ዶኩ ራሱ ተደፍኗል፤ የቀረው በሩና ግንቡ ነው። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ በእግረኛ መሄጃው ይጠበቁ፣ ከመጨለሙ በፊትም ይመለሱ።

በእነዚህ ጉዞዎች ላይ ከኢትዮጵያ ነኝ ሲሉ ብዙ አይሪሾች የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ያነሣሉ። በጁላይ 1985 ላይቭ ኤይድን ካዘጋጁት ዋናው ቦብ ጌልዶፍ የደብሊን ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ለኢትዮጵያ ያዋጣ ትውልድ ዛሬም አለ። አገራችሁን በረሃብ ብቻ አወቁ ብሎ መከፋት ይመጣል። ነገር ግን የራሳቸውን ቅድመ አያቶች እያሰቡ እንደሚናገሩ ካወቁ ውይይቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

የፖለቲካና የሃይማኖት ነገር ጠንቀቅ ልበልበት?

አዎ፣ ትንሽ። አየርላንድን "የእንግሊዝ አካል" አይበሉ፤ ሪፐብሊኩ ራሱን የቻለ አገር ነው፣ ሰሜን አየርላንድ ደግሞ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ነው። ሊቨርፑል ለረጅም ዘመን በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ሰፈር የተከፈለች ነበረች። በጁላይ 12 ብርቱካናማ ለብሰው የሚሰለፉት የኦሬንጅ ማኅበር አባላት ናቸው፤ የፕሮቴስታንት ወገን ሰልፍ ነውና ከአይሪሽ ፌስቲቫል ጋር አያምታቱት። ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በመጀመሪያው ትውውቅ አይጠየቅም።

ጥገኝነት ጠያቂ ነኝ፤ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ማገልገል እችላለሁ?

ለበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለመንግሥት ተቋም በጎ ፈቃደኛ መሆን ይፈቀዳል። ሁኔታው ግልጽ ነው፦ ደመወዝ የለም፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ቦታ መተካት የለም፣ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ግን በደረሰኝ ሊመለስ ይችላል። ለግል ድርጅት ወይም ለፐብ በነፃ መሥራት ግን እንደ ሥራ ሊቆጠርብዎ ይችላል። የጥቅምቱ ፌስቲቫል ሥራ የሚደለደለው በበጋ ስለሆነ በኦገስት ለአዘጋጆቹ ይጻፉላቸው።

ልጄ የአየርላንድ ሙዚቃ መማር ፈለገች። በምን ትጀምር?

በዲ የተቃኘ የቆርቆሮ ዋሽንት። ስድስት ቀዳዳ አለው፤ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ጥሩ ይገኛል። የጀማሪ ጩኸት የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፦ ጣት ቀዳዳውን ሙሉ አለመድፈኑና በኃይል መንፋት። በቀስታ ይነፋ፣ በጣት ጫፍ ሳይሆን በጣት ሆድ ይደፈን። የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ማኅበር የሆነው ኮልታስ በሊቨርፑል ከ1957 ጀምሮ ቅርንጫፍ አለው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በኖታ ብቻ ሳይሆን በጆሮ ነው፣ ልጆች ቶሎ የሚይዙትም እንዲህ ነው። የጭፈራ ትምህርት ቤት ከመረጠች ደግሞ ከመመዝገብዎ በፊት የውድድር ልብስና የዊግ ወጪን ይጠይቁ፤ ሳምንታዊ ክፍያው ትንሽ ሆኖ ልብሱ ብዙ መቶ ፓውንድ ሊወስድ ይችላል።

እግረ መንገዴን ወደ ደብሊን ልሻገር?

የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ አያስገባም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከብሪታንያ የተሰጠ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘም እንዲሁ። ቪዛውን ሳምንታት አስቀድመው ያመልክቱ። ከበርከንሄድ ወደ ቤልፋስት በመርከብ 8 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ቤልፋስት ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ስለሆነ ሌላ ቪዛ አይጠይቅም፣ መታወቂያ ግን ይያዙ። ከቤልፋስት ወደ ደብሊን የሚሄደው አውቶቡስ ድንበሩ ላይ ኬላ ባያገኝም ፖሊስ አስቁሞ ሰነድ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ቪዛ የሌለው ሰው እዚያ አውቶቡስ ላይ አይውጣ።